ማይግሬንና ሌሎች ሥር የሰደዱ ሕመሞች፦ ራሴ፣ አንገቴና ሆዴ አብረው የሚታመሙት ለምንድን ነው?

ጣና ዳር፣ ጥቅምት 12

የተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣ ጤና ይስጥልኝ።

የ38 ዓመት ሴት ስሆን ባሕር ዳር ውስጥ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ራስ ምታቱ የጀመረኝ የአሥራ ሰባት ዓመት ተማሪ ሳለሁ ነው። ያን ጊዜ እናቴ «ምች መትቷት ነው» ብላ ዳማከሴ አሽታ ታሸተኝ፣ ጭማቂውንም በቡና ታጠጣኝ ነበር፤ ከፀሐይ ስገባ ስለሚብስብኝ ግምቷ ትክክል ይመስለኝ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ደግሞ ሕመሙ በግንባሬና በዓይኔ ሥር ስለሚሰማኝ «ሳይነስ ነው» ተባልኩና ለዓመታት በየጊዜው አንቲባዮቲክ ስውጥ ኖርኩ። ማይግሬን መሆኑ የታወቀው ከሠላሳ ዓመቴ በኋላ ነው፤ አንድ ሐኪም ረጋ ብሎ ሲጠይቀኝ፣ ግማሽ ራሴን እንደ ልብ ትርታ እየመታ እንደሚፈልጠኝ፣ ብርሃንና ድምፅ እንደማልችል፣ የዕጣንና የሽቶ ሽታም እንደሚያቅለሸልሸኝ ነገርኩት።

ይህን የምጽፈው ግን በራስ ምታቱ ምክንያት ብቻ አይደለም። ካለፉት አምስት ዓመታት ወዲህ አንገቴና ትከሻዬ እንደ እንጨት ይደርቃሉ፤ ወገቤን ያመኛል፤ ሆዴ ይነፋል፣ ይቆርጠኛል፣ አንድ ሳምንት ድርቀት ሌላ ሳምንት ተቅማጥ ይሆናል፤ ጠዋት ስነሣም መንጋጋዬ ሌሊቱን ሙሉ ሲያኝክ ያደረ ይመስል ይደክመኛል። ለአንገቴ ራጅ ተነሥቼ «ምንም የለም» ተባልኩ፤ ለሆዴ የጨጓራ መድኃኒት ተሰጠኝ፤ ለወገቤ መርፌ ተወጋሁ። አንድ ሐኪም ደግሞ ዝርዝሩን ሳልጨርስለት «ጭንቀት ነው፣ ዕረፍት አድርጊ» ብሎ ሲያሰናብተኝ እስከ ቤቴ ድረስ እያለቀስኩ ሄድኩ፤ ሁሉንም ፈጥሬ የማወራ መስሎ ተሰማኝ።

ሕመሞቹ ግን እርስ በርስ የሚጠራሩ ናቸው። አንገቴ በያዘኝ ማግሥት ራሴ ይነሣል፤ ራሴ ለሦስት ቀን ከቆየ ሆዴ ይከተላል። ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። እነዚህ ሕመሞች በእውነት ግንኙነት አላቸው? ግንኙነት ካላቸውስ፣ ለየብቻ እያሳከምኩ የምዞረው ስሕተት ነው ማለት ነው?

ሐኪም ከጎንደር፣ ጥቅምት 13

እህቴ፣ ጽሑፍዎን በጥሞና አንብቤዋለሁ። የውስጥ ደዌ ሐኪም እንደ መሆኔ እንደ እርስዎ ያሉ ሕሙማን በየሳምንቱ ያጋጥሙኛል፤ ብዙዎቹም ለእያንዳንዱ ሕመማቸው የተለየ ካርድ አውጥተው፣ የተለየ ሐኪም አይተው፣ ሙሉው ታሪካቸው ግን በአንድ ወረቀት ላይ ሳይሰፍር የቀረ ናቸው።

ስለ «ሳይነሱ» አንድ ነገር ልበልና ወደ ዋናው ልግባ። በዚህ ስሕተት የተጎዱት እርስዎ ብቻ አይደሉም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2004 በታተመ ጥናት ሳይነስ አለብን ብለው የሚያምኑ ወይም እንደዚያ የተባሉ 3,000 የሚጠጉ ሰዎች ሲመረመሩ፣ የ88 በመቶዎቹ ራስ ምታት የማይግሬን ዓይነት ሆኖ ተገኝቷል። በአገራችንም ማይግሬን ብርቅ በሽታ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው የኢትዮጵያ ጥናት በአንድ ዓመት ውስጥ ማይግሬን የሚይዛቸውን አዋቂዎች 17.7 በመቶ አድርሷቸዋል።

አንገትዎና መንጋጋዎ ከራስዎ ጋር የሚተሳሰሩበት መንገድ በሚገባ የታወቀ ነው። ከፊት፣ ከዓይን፣ ከመንጋጋና ከአንጎል ሽፋን የሕመም ስሜትን የሚያመጣው ትራይጀሚናል የሚባለው ነርቭ ሲሆን፣ መልእክቱን የሚረከቡት የነርቭ ሕዋሳት ከአንጎል ግንድ ጀምሮ እስከ ህብለ ሰረሰር የላይኛው ክፍል ድረስ ወርደው ይገኛሉ። እነዚሁ ሕዋሳት ከላይኛዎቹ ሦስት የአንገት ነርቮች የሚመጣውንም መልእክት ይረከባሉ። ከሁለት አቅጣጫ የሚመጡ መንገደኞች በአንድ ኬላ እንደሚያልፉ ነው፤ ኬላው ላይ የቆመው ሰው ማን ከየት እንደ መጣ ሁልጊዜ መለየት አይችልም። ለዚህ ነው በማይግሬን ጊዜ አንገት የሚታመመው፤ አንዳንዴም ራስ ምታቱ ከመጀመሩ ከሰዓታት በፊት አንገት የሚደርቀው። ራጁ «ምንም የለም» ማለቱም ከዚህ ጋር ይስማማል፤ የማይግሬን የአንገት ሕመም በአጥንት ላይ የሚታይ ምልክት የለውም።

ወገብና ሆድ ግን በዚህ ኬላ አያልፉም፤ ስለዚህ ለእነሱ ሌላ ማብራሪያ ያስፈልጋል። ክሊፎርድ ዉልፍ የተባሉት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተሙት ሥራ እንዳሳዩት፣ ተደጋጋሚ የሕመም መልእክት የሚደርሳቸው የህብለ ሰረሰር ሕዋሳት ከጊዜ በኋላ ከልክ በላይ ንቁ ይሆናሉ፤ ቀላሉን ንክኪ እንደ ሕመም መቁጠር ይጀምራሉ፣ ቁስሉ ከዳነም በኋላ ነቅተው ይቆያሉ። እ.ኤ.አ. በ2000 ደግሞ ራሚ በርስታይንና ባልደረቦቻቸው ይኸው ሁኔታ በማይግሬን ጊዜ እንደሚከሠት አሳዩ፤ ካጠኗቸው ሕሙማን አብዛኞቹ ሕመሙ ሲነሣባቸው ቆዳቸው በቀላል ንክኪ ይታመም ነበር፣ አንዳንዶቹም ፊታቸው ብቻ ሳይሆን ክንዳቸው ጭምር። ስለዚህ ልጠይቅዎ፦ ማይግሬኑ ሲነሣብዎ ፀጉርዎን ማበጠር ያምዎታል?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ያዋለው 11ኛው የበሽታዎች ምደባ፣ ከሦስት ወር በላይ የሚቆዩና በሌላ በሽታ የማይብራሩ ሕመሞችን በአንድ ቤተሰብ ውስጥ መድቧቸዋል። ሥር የሰደደ ማይግሬን፣ መላ ሰውነትን የሚያመው ፋይብሮማያልጂያ፣ አይ.ቢ.ኤስ. የሚባለው የአንጀት መቆጣትና የመንጋጋ መገጣጠሚያ ሕመም በዚያ ቤተሰብ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንዱ ያለበት ሰው ሌላውም የሚኖርበት ዕድል ከሌላው ሰው ይልቅ ከፍ ያለ መሆኑ በብዙ አገሮች ጥናት ተደጋግሞ ታይቷል። ማንም ፈጥረው እንደሚያወሩ ሊነግርዎ አይገባም፤ የነርቭ ሥርዓትዎ የሕመምን ድምፅ አጉልቶ እያሰማዎት ነው፣ የሚሰሙትም ሕመም እውነተኛ ነው።

ጣና ዳር፣ ጥቅምት 13

ዶክተር፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ስለ ፀጉሬ የጠየቁኝን ሳነብ ደነገጥኩ፤ እስከ ዛሬ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ማይግሬኑ በሚነሣብኝ ቀን ማበጠሪያ ማስነካት አልችልም፤ ሻሽ ማሰር ያመኛል፤ ነጠላዬ ትከሻዬ ላይ ይከብደኛል። ሹሩባ መሠራት ካቆምኩ አራት ዓመት አልፎኛል፤ ጎረቤቶቼ ራሴን የጣልኩ እየመሰላቸው ያዝኑልኛል። እኔም ቅምጥልነት ይመስለኝ ስለነበር ለሐኪም አልተናገርኩትም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ጥቅምት 14

እህቴ፣ የአንቺን ጽሑፍ ሳነብ የራሴን ታሪክ ያነበብኩ መሰለኝ። ታላቅሽ ስለሆንኩ «አንቺ» ብልሽ ቅር እንደማይልሽ አምናለሁ።

እኔ ከ25 ዓመት በላይ በማይግሬን ኖሬአለሁ፤ ፋይብሮማያልጂያ እንዳለብኝ የተነገረኝ ግን በ51 ዓመቴ ነው። ከዚያ በፊት ለስድስት ዓመት ያህል ሰውነቴ በሙሉ ሲታመም፣ ጠዋት ስነሣ ያልተኛሁ ያህል ስደክም፣ ስም ሲጠፋብኝና ሐሳብ ሲበተንብኝ ሐኪሞች የደም ምርመራዬን አይተው «ደህና ነሽ» ይሉኝ ነበር። ቀድሞ እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው መመዘኛ ሐኪሙ ሰውነት ላይ 18 ቦታዎችን ተጭኖ ቢያንስ 11ዱ እንዲያሙ ይጠይቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው መመዘኛ መጫኑን አስቀርቶ ሕመሙ ስንት የሰውነት ክፍል እንደሚነካ፣ እንቅልፍ፣ ድካምና የማስታወስ ችግር ምን ያህል እንደ ከበዱ ወደ መጠየቅ ተሸጋገረ። እኔን ያገኘኝ ይህ ጥያቄ ነው፤ ሐኪሜ የሰው ሥዕል ያለበት ወረቀት ሰጥታ የሚያመኝን ቦታ ሁሉ እንዳጠቁር ስታዘኝ፣ ያልጠቆረው ከጠቆረው አነሰ።

ለብዙ ወገኖቻችን ይጠቅማል ብዬ የማምነውን አንድ ነገር ልጨምር። ሐኪሜ አሚትሪፕቲሊን 10 ሚሊግራም ማታ ማታ እንድወስድ ስታዝልኝ ወረቀቱን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ሁለት ወር አስቀመጥኩት። ለድብርት የሚሰጥ መድኃኒት መሆኑን አንብቤ ስለነበር፣ ሰው ቢያየው «አእምሮዋ ተነክቷል» ይለኛል ብዬ ፈራሁ። በኋላ እንደ ተረዳሁት ይህ መድኃኒት በአነስተኛ መጠን ሲወሰድ ማይግሬንን ለመከላከል፣ ለነርቭ ሕመምና ለፋይብሮማያልጂያ ለዓሠርታት ሲታዘዝ የኖረ ነው፤ ለድብርት የሚሰጠው መጠን ከዚህ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። አፌን ያደርቀኛል፤ ጠዋት ጠዋትም ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ያንገላጅጀኝ ነበር። ይሁን እንጂ ከሁለት ወር በኋላ እንቅልፌ ተስተካከለ፤ ማይግሬኑም ሰውነቴም አብረው ቀለል አሉ። ያስቀመጥኳቸው ሁለት ወራት እስከ ዛሬ ይቆጩኛል።

የፋርማሲ ባለሙያ፣ ጥቅምት 15

እህታችን ጣና ዳር፣ ስለ አንድ ጉዳይ ማንም እስካሁን ስላልጠየቀዎ እኔ ልጠይቅ። በወር ውስጥ ስንት ቀን የሕመም ማስታገሻ ይወስዳሉ? የምጠይቀው ስንት ፍሬ እንደሚውጡ ሳይሆን ስንት ቀን እንደሚወስዱ ነው፤ ለራስም፣ ለወገብም፣ ለአንገትም የወሰዱትን ሁሉ ይቁጠሩልኝ።

ጣና ዳር፣ ጥቅምት 15

ቁጭ ብዬ ቆጠርኩት፤ ከዚህ በፊት ቆጥሬው አላውቅም። ለራሴ ፓራሲታሞል፣ ሲብስ ኤርጎታሚን ያለበት ኪኒን በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን፤ ለወገቤ ዲክሎፌናክ በሳምንት አራት ቀን ያህል። ቀኖቹ ሲደማመሩ በወር 22 ወይም 23 ቀን ይሆናሉ።

የፋርማሲ ባለሙያ፣ ጥቅምት 16

ያስጨነቀኝም ይኸው ነበር። የማስታገሻ መብዛት ራሱ ራስ ምታት ያመጣል። ዓለም አቀፉ የራስ ምታት ምደባ ያስቀመጠው ወሰን ግልጽ ነው፦ እንደ ፓራሲታሞልና ዲክሎፌናክ ያሉትን ከሦስት ወር በላይ በየወሩ 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ኤርጎታሚንን፣ ትሪፕታን የሚባሉትን የማይግሬን መድኃኒቶች፣ ትራማዶልንና መሰሎቹን ጠንካራ ማስታገሻዎች ወይም ቅልቅል ማስታገሻዎችን ደግሞ 10 ቀንና ከዚያ በላይ የሚወስድ የራስ ምታት ሕመምተኛ በመድኃኒቱ ምክንያት ሌላ ራስ ምታት ሊጨመርበት ይችላል። እርስዎ ሁለቱንም ወሰኖች ነክተዋል።

ከዚህ ክር ርዕስ ጋር የሚገናኘው ደግሞ ቀጥሎ ያለው ነው። ማይግሬን የሌለበት ሰው ለወገቡ ወይም ለጉልበቱ በየቀኑ ማስታገሻ ቢወስድ ጨጓራውና ኩላሊቱ ሊጎዱ ይችላሉ፤ ራስ ምታት ግን ብዙውን ጊዜ አይጀምረውም። ማይግሬን ያለበት ሰው ለወገቡ ብሎ የሚውጠው ኪኒን ግን ማይግሬኑን እያባባሰ ወደ ዕለት ተዕለት ራስ ምታት ሊለውጥበት ይችላል። ስለዚህ አንዱ ሐኪም ለወገብ ያዘዘው፣ ሌላው ለራስ ያዘዘው፣ ሦስተኛውን ደግሞ ሕመምተኛው ራሱ ከመደብር የገዛው መድኃኒት በአንድ ሰውነት ውስጥ ሲደመር ድምሩን የሚያይ ሰው አይኖርም። እኔ በባንኮኒዬ በኩል በየቀኑ ይህን አያለሁ፤ ያለ ማዘዣ የምንሸጥ ባለሙያዎችም ኃላፊነት አለብን። የሆድዎ ቁርጠት ከዲክሎፌናኩ ጋር የሚያያዝ መሆን አለመሆኑንም ሐኪምዎ ሊያየው ይገባል።

ፓራሲታሞሉን፣ ዲክሎፌናኩንና ኤርጎታሚኑን ከሐኪም ጋር ተነጋግሮ በአንድ ጊዜ ማቆም ይቻላል፤ የመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ግን ራስ ምታቱ ይብሳል፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት ይኖራል። ሌሎች አንባቢዎች ደግሞ ትራማዶል ለረጅም ጊዜ የወሰዳችሁ ከሆነ በድንገት እንዳታቆሙ አደራ እላለሁ፤ መጠኑን ቀስ በቀስ መቀነስ ያስፈልጋል።

ከሐይፋ፣ ጥቅምት 18

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ማይግሬኔን ለመከላከል በወር አንድ ጊዜ የሚወጋውን፣ ሲ.ጂ.አር.ፒ. የሚባለውን ንጥረ ነገር የሚያግደውን መርፌ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ፤ በወር 14 ቀን የነበረው ራስ ምታት አሁን ከአምስት ቀን አይበልጥም። የጀርባዬ ሕመም ግን ከነበረበት ንቅንቅ አላለም። ዶክተር እንዳሉት ሕመሞቹ አንድ ቤተሰብ ከሆኑ፣ አንዱን የፈታ መድኃኒት ሌላውን ለምን አይፈታውም? ሁሉም አንድ በሽታ ነው ብለን ብንወስድስ?

ሐኪም ከጎንደር፣ ጥቅምት 19

ወንድሜ፣ ጥያቄዎ እኔ ያላሰመርኩትን ወሰን እንዳሰምር ስለረዳኝ አመሰግናለሁ። አንድ ቤተሰብ መሆንና አንድ ሰው መሆን የተለያዩ ናቸው።

ፒተር ጎድስቢና ላርስ ኤድቪንሰን እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች ማይግሬን ላይ ሳሉ ከአንገታቸው የደም ሥር በተቀዳ ደም ውስጥ ሲ.ጂ.አር.ፒ. ጨምሮ አገኙት፤ ከዚያ ግኝት ተነሥቶ የመጀመሪያው መርፌ በአሜሪካ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። እርስዎ እንዳሰቡት ተመራማሪዎችም «ለሌላውስ ሕመም?» ብለው ሞክረውታል። ከእነዚህ መርፌዎች አንዱ ለጉልበት መገጣጠሚያ ሕመም ተሞክሮ ጥቅም አልሰጠም። ሌላው ደግሞ ያው የትራይጀሚናል ነርቭ ለሚታመምበት፣ ፊትን እንደ ኤሌክትሪክ ለሚመታው ሕመም ተሞክሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ውጤት መድኃኒት ከሌለው መርፌ እንደማይሻል አሳየ። ያው ነርቭ ሆኖ ሳለ ማለት ነው። ማይግሬንን የሚያስነሣው መንገድ የራሱ ነው፤ ከሌሎቹ ሕመሞች ጋር የሚጋራው ከተነሣ በኋላ የሚያጎላውንና የሚያቆየውን ነው። አሚትሪፕቲሊን፣ የእንቅልፍ መስተካከልና የአካል እንቅስቃሴ ለብዙዎቹ ሕመሞች በአንድ ጊዜ ሊረዱ የሚችሉት ይህን የጋራውን ክፍል ስለሚነኩ ይመስለኛል። ለምሳሌ አነስተኛ መጠን ያለው አሚትሪፕቲሊን አይ.ቢ.ኤስ. ላለባቸው 463 ሰዎች በእንግሊዝ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣው ውጤት የሆድ ምልክቶቻቸውን አሻሽሏል።

«ሁሉም አንድ ነው» የሚለው አነጋገር ሌላም አደጋ አለው፤ በዚህ ላይ ጠንከር ብዬ ልናገር። አዲስ የመጣ ሕመም ሁሉ ከድሮው ጋር ተደምሮ መታለፍ የለበትም። በድንገት፣ በሰከንዶች ውስጥ ከጣሪያው የደረሰ ራስ ምታት፣ ትኩሳትና የአንገት መገተር ያለበት፣ የእጅ ወይም የእግር መዛል ወይም የአንደበት መተሳሰር የሚከተለው፣ ከ50 ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የጀመረ፣ በእርግዝና ወይም በአራስነት ወቅት የመጣ፣ ኤች.አይ.ቪ. ወይም ካንሰር ባለበት ሰው ላይ አዲስ የታየ ራስ ምታት በዚያው ቀን ሐኪም ሊያየው ይገባል። የሳንባ ነቀርሳ በብዛት በሚገኝበት አገራችን ለሳምንታት የቆየ ራስ ምታት ከትኩሳትና ከክብደት መቀነስ ጋር ሲመጣ የማጅራት ገትርን ማሰብ ግዴታ ነው። በዝግ ቤት ከሰል አንድደው ራሳቸውን ሲታመሙ «ማይግሬኔ ተነሣ» የሚሉም አሉ፤ መጀመሪያ በር ይከፈት፣ ሰውም ይውጣ። ለሆድና ለወገብም እንዲሁ ነው፦ ደም ያለበት ሰገራ፣ ሳይፈልጉ መክሳት፣ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር አለመቻል፣ የእግር መክዳት በምንም ዓይነት የማይግሬን ዘመድ ተብሎ አይታለፍም።

ከጅዳ፣ ጥቅምት 21

እህቶቼ፣ እኔ 27 ዓመቴ ነው፤ በሰው ቤት እሠራለሁ። የወር አበባዬ ከመምጣቱ ሁለት ቀን አስቀድሞ ማይግሬኑ ይነሣብኛል፤ ሲመጣ ደግሞ ማኅፀኔ አካባቢ ያለው ሕመም መቆም ያስከለክለኛል። ሕመሙ በየወሩ እየባሰ ነው። ጓደኛዬ የወሊድ መከላከያ ኪኒን ለሁለቱም ይጠቅማል ብላ ሰጠችኝ። ራስ ምታቱ ከመጀመሩ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል በዓይኔ ላይ የሚያብለጨልጭ፣ እንደ መጋዝ ጥርስ የተሰባበረ መስመር ይታየኛል። ኪኒኑን ብጀምረው ምን ይመስላችኋል?

ሐኪም ከጎንደር፣ ጥቅምት 21

እህቴ፣ ኪኒኑን ለጊዜው አትጀምሪው። የምታይው የሚያብለጨልጭ መስመር ኦራ ይባላል፤ ኦራ ያለበት ማይግሬን ላላት ሴት ኤስትሮጅን ያለበት የወሊድ መከላከያ የአንጎል የደም ሥር የመዘጋት አደጋን ስለሚጨምር፣ የዓለም ጤና ድርጅት ጥቅም ላይ እንዳይውል በሚከለክለው ምድብ ውስጥ አስቀምጦታል። ኤስትሮጅን የሌላቸው፣ ለምሳሌ በክንድ ውስጥ የሚቀበረው ወይም ሆርሞን ያለበት ሉፕ፣ ብዙውን ጊዜ ይቻላሉ። ነርስ ወይም ሐኪም ስታገኚ ስለ መስመሩ ሳትጠየቂ ንገሪያቸው።

ስለ ማኅፀንሽ የጻፍሽውም ችላ አይባልም። መቆም የሚከለክል የወር አበባ ሕመም ሴት ልጅ ልትሸከመው የሚገባ ዕጣ ተደርጎ በቤተሰባችን ይነገራል፤ ይህ ብዙ ሴቶችን ጎድቷል። ኢንዶሜትሪዮሲስ የሚባለው፣ የማኅፀን የውስጥ ሽፋንን የሚመስል ሕዋስ ከማኅፀን ውጭ የሚበቅልበት በሽታ በመውለጃ ዕድሜ ካሉ ሴቶች 10 በመቶ ያህሉን እንደሚይዝ የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል፤ ከማይግሬን ጋርም አብሮ መገኘቱ ተደጋግሞ ታይቷል። ቀጣሪዎችሽ ወደ ሕክምና እንዲወስዱሽ ስትጠይቂ «የወር አበባ ሕመም» ከምትዪ «በየወሩ የሚያስተኛ የሆድ ሕመም» ብትዪ በቁም ነገር ሊያዩት ይችላሉ።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ከሐዋሳ፣ ጥቅምት 24

ዘግይቼ ስለገባሁ ይቅርታ። ወደ እኔ የሚላኩት አብዛኞቹ ሰዎች ለአንገታቸው ወይም ለወገባቸው ነው፤ ስጠይቃቸው ግን ብዙዎቹ ማይግሬን አላቸው። የማየው ትልቁ ችግር ደህና የሆኑበትን ቀን የሚጠቀሙበት መንገድ ነው። አምስት ቀን የተኙበትን ሥራ በስድስተኛው ቀን ለማካካስ ልብስ ያጥባሉ፣ በርበሬ ያስቀነጥሳሉ፣ ገበያ ይወጣሉ፤ በማግሥቱ ሁሉም ሕመም አንድ ላይ ይነሣል፤ ከዚያ «እንቅስቃሴ አይስማማኝም» ብለው ይደመድማሉ። ነቅቶ ያለ የነርቭ ሥርዓት የሚወደው ድንገተኛ ያልሆነውን ነው፦ ዛሬ አሥር ደቂቃ፣ ነገም አሥር ደቂቃ፣ በሚቀጥለው ሳምንት አሥራ ሁለት። በስዊድን እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ ሙከራ በሳምንት ሦስት ጊዜ ለ40 ደቂቃ የአካል እንቅስቃሴ ያደረጉ የማይግሬን ሕመምተኞች፣ ቶፒራሜት የሚባለውን መከላከያ መድኃኒት ከወሰዱት ጋር ሲነጻጸሩ የማይግሬኑ ድግግሞሽ መቀነስ ላይ ጉልህ ልዩነት አልታየባቸውም። ሙከራው ትንሽ ነበር፤ 91 ሰዎች ብቻ ነበሩበት። ለእኔ ግን በእግር መሄድን እንደ መድኃኒት ለመጻፍ በቂ ምክንያት ሆኖኛል።

ጣና ዳር፣ ታኅሣሥ 20

የተከበራችሁ ወገኖቼ፣ ከሁለት ወር በላይ ጠፍቼ ነበር፤ የጠፋሁበትን ምክንያት በዝርዝር ልጻፍ።

ዶክተርና የፋርማሲ ባለሙያው የጻፉትን ይዤ፣ የሕመሞቼን ሁሉ ታሪክ በአንድ ሉክ ወረቀት ላይ አስፍሬ፣ የማስታገሻ ቀኖቼን ቆጥሬ ወደ አንድ የውስጥ ደዌ ሐኪም ሄድኩ። ወረቀቱን እስከ መጨረሻው አነበበው። ማስታገሻዎቹን በአንድ ቀን አቆምኩ፤ የመጀመሪያዎቹ አሥራ አንድ ቀናት በሕይወቴ ካየኋቸው ሁሉ የከፉ ነበሩ፣ ከትምህርት ቤትም ፈቃድ ወሰድኩ። እናቴ ከአጠገቤ አልተለየችም። ማታ ማታ አሚትሪፕቲሊን 10፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ 25 ሚሊግራም ጀመርኩ። ጠዋት በሐይቁ ዳር አሥር ደቂቃ መሄድ ጀምሬ አሁን ሃያ አምስት ደርሻለሁ።

ጾሙ ሲገባ ፈራሁ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳልበላ፣ ቡናዬንም ሳልጠጣ የምውልባቸው ቀናት ሁልጊዜ በማይግሬን ያልቁ ነበር። የንስሐ አባቴን አማከርኳቸው፤ ለታመመ ሰው ጾም እንደ አቅሙ ነው ብለው ሰዓቱን አሳጠሩልኝ። ውኃ በጠዋት እንድጠጣም ፈቀዱልኝ። ቡናውን ደግሞ ከጾሙ ሁለት ሳምንት ቀድሜ ከሦስት ስኒ ወደ አንድ አወረድኩት።

በደብተሬ መሠረት በጥቅምት ወር ለ24 ቀናት ራሴን ታምሜአለሁ፤ በኅዳር ወር ለ15 ቀናት፤ በዚህ ወር እስከ ዛሬ ለስድስት ቀናት። አንገቴ ከራሴ ጋር አብሮ ቀለለኝ፤ መንጋጋዬም እንዲሁ። ወገቤ ያው ነው፤ ከሐይፋ የጻፉት ወንድሜ ያሉትን አስታወሰኝ። ሆዴ ዲክሎፌናኩን ካቆምኩ ወዲህ ቁርጠቱ ቀነሰ፤ መነፋቱና ድርቀቱ ግን አለ፣ ድርቀቱ እንዲያውም በአዲሱ መድኃኒት ሳይብስ አልቀረም። ሐኪሙ ይህን ከማይግሬኑ ጋር ደምሮ መተው አልፈለገም፤ የሰገራና የደም ምርመራ አዝዞልኛል፣ ለጥር 6 ቀጠሮ አለኝ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ ለጻፍሽልኝ ታላቅ እህቴ፦ ሐኪሙ አሚትሪፕቲሊኑን ሲጽፍልኝ ወረቀቱን ቦርሳዬ ውስጥ አላስቀመጥኩትም፤ በዚያው ቀን ገዛሁት። ከጅዳ የጻፍሽው እህቴ ደግሞ ምን ላይ እንደ ደረስሽ አልጻፍሽልንም፤ ሐኪም አገኘሽ?